ጉንፋኑ ሄዶ ንፍፊቱ ሲቀር

እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳም አገር ጉንፋን አይጠፋም። ጉንፋን የያዘው ሰው አንገቱ ላይ ንፍፊት ቢያወጣ ብዙ አያስደነግጥም። ቫይረሱን የሚዋጉ ሴሎች እጢዎቹ ውስጥ ስለሚሰባሰቡ ነው የሚያብጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ይሟሽሻሉ።

አልፎ አልፎ ግን ጉንፋኑ ለቅቆ እብጠቱ ይቀራል። ሲነኩት ያማል፣ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ሌሊት በላብ ያጠምቃል። እንዲህ ከሚያደርጉት አንዱ ኪኩቺ ፉጂሞቶ የሚባል ብርቅ ሕመም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ሁለት የጃፓን ሐኪሞች በየፊናቸው ጻፉት፤ ስሙም የእነሱ ነው። በብዛት የሚታየው ከ40 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች ላይ ሲሆን፣ ከኮቪድ በኋላ የያዛቸውም አሉ።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የእጢ ቲቢም ልክ እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላል፤ እሱ ደግሞ በኢትዮጵያ ብርቅ አይደለም። በእጅ ዳስሶ ማንም፣ ሐኪምም ቢሆን፣ አይለያቸውም። ኪኩቺ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ወር ውስጥ በራሱ ይድናል። ቲቢ ግን ቢያንስ የ6 ወር መድኃኒት ይፈልጋል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። አንዱን በሌላው መሳት ለታማሚዋ ከባድ ነው፤ ወይ ያላስፈለጋትን መድኃኒት ወራት ትውጣለች፣ ወይ የሚያድናትን ታጣለች።

የሚለያቸው ናሙና ነው። ለቲቢ በመርፌ የሚቀዳው ሊበቃ ይችላል፤ ለኪኩቺ ግን እጢው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ይሻላል። ለዚህ ከዳንግላም ሆነ ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር መላክ ሊያስፈልግ ይችላል። ንፍፊቱ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኪኩቺ ከሆነም ከዳናችሁ በኋላ ክትትሉን አታቋርጡ፤ በጥቂቶች ላይ ቆይቶ ሉፐስ የተባለ ሕመም ይከተላል።