የቃልን ሥር ማወቅ ለዕድርተኛ ያለው ጥቅም
(በዕድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ድንኳንና ስለ ብረት ድስት አይደለም፤ ስለ ቃል ነው። «ቃልን ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። የመተዳደሪያ ደንባችን የተጻፈው በቃል ነው፤ የምንፈርምበት ቅጽም እንዲሁ። ቃሉን ሳይረዳ የፈረመ ሰው ያላሰበውን ነገር እንደ ተስማማበት ይቆጠርበታል። እኛ በጽሕፈት ሥራ ያረጀን ሰዎች «እዚህ ላይ ፈርም» ሲባል ምንነቱን ሳይጠይቅ የሚፈርም ብዙ ሰው አይተናል። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ባያልፍም፣ ከባድ ቃል ሲገጥመን የሚረዳን አንድ ዘዴ አለ፤ እርሱም የቃሉን ሥር መፈለግ ነው።

ዕድርተኞች ነንና «ቀበረ» ከሚለው እንጀምር። ከእርሱ ቀባሪ፣ ቀብር፣ አስቀባሪ፣ መቃብር ይወጣሉ። በሁሉም ውስጥ ቀ፣ በ፣ ረ አሉ። ድምፃቸው ይለዋወጣል እንጂ አይጠፉም። ከፊት «መ» ስትገባ ብዙ ጊዜ ቦታን ወይም መሣሪያን ታመለክታለች። መቃብር የሚቀበርበት፣ መቆፈሪያ የሚቆፈርበት ነው። «ጽሑፍ» ደግሞ ጸሐፈ ከሚለው ወጥቶ የተጻፈ ማለት ነው። በዚሁ መንገድ በግዕዝ ዐቀበ ጠበቀ ሲሆን፣ ዕቁብ የተጠበቀ ይሆናል። ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ፣ ዐቃቤ ንዋይ ገንዘብ ጠባቂ ነው። እንግዲያው ዐቃቤ ንዋይና የእኛ ገንዘብ ያዥ ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው ማለት ነው። አዩ፣ አንድ ሥር ስንት በር እንደሚከፍት!

ይህ ዘዴ ለአማርኛ ብቻ አይደለም። በገለምሶ ኦሮምኛም አማርኛም እንናገራለን፤ መድረሳ የገባ ደግሞ ዐረብኛ ያውቃል። በዐረብኛ መቃብር ቀብር ይባላል፤ መካነ መቃብሩም መቅበራ ነው። ኪታብ መጽሐፍ፣ ካቲብ ጸሐፊ፣ መክተብ ቢሮ፤ ሁሉም ከአንድ ሥር ናቸው። በኦሮምኛም በረቹ መማር፣ በረታ ተማሪ፣ በርሲሳ አስተማሪ፣ በርኖታ ትምህርት ነው። ሥሩን የያዘ ሰው የጎረቤቱን ቋንቋ በግማሽ ድካም ይይዛል።

የፈረንጆቹም ቃላት ሥር አላቸው፤ የብዙዎቹ ሥር ላቲን የሚባለው የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። ላቲን ከግዕዝ ጋርም ይተዋወቃል። ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ያሳተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነው። በየስብሰባችን የምንጠራውን «ኮሚቴ» ተመልከቱ። የላቲን ሥሩ አደራ መስጠትን ያመለክታል። «ኦዲተር» በላቲን ሰሚ ማለት ነው። በጥንት ጊዜ ሒሳብ ጮክ ተብሎ ሲነበብ እየሰማ የሚመረምር ነበርና። «ዶክተር» ደግሞ አስተማሪ ነው። ታዲያ ኮሚቴ የአደራ ተቀባይ፣ ኦዲተር የሒሳብ ሰሚ ከሆነ፣ አባሉም ሒሳቡ ይነበብልኝ ማለቱ ድፍረት ሳይሆን መብቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በቅጽ ላይ ሦስት ቃላት ይገጥሙናል፤ ተጠሪ፣ ወኪል፣ ወራሽ። ብዙ ሰው «ያው ናቸው፤ የምናምነውን ሰው ስም መጻፍ ነው» ይላል። ኧረ አይደሉም! ተጠሪ ጠራ ከሚለው ይወጣል፤ ነገር ሲመጣ የሚጠራ ሰው ነው። ወኪል ከወከለ ነው፤ ውክልና፣ ተወካይ የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ በሌላው ስም ሆኖ ይሠራል። ወራሽ ከወረሰ ነው፤ ውርስና አውራሽ ከዚያው ናቸው፤ ከሞት በኋላ ይመጣል።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል ይላል። አንድ አባል ገንዘቡ ለሚስቱ እንዲደርስ አስቦ «ወኪሌ እርሷ ናት» ብሎ ቢያስጽፍና ቢሞት፣ ያ ጽሑፍ ወራሽ አያደርጋትም። ያን ጊዜ የሟች ዘመድ ተነሥቶ «ወኪል እንጂ ወራሽ አልተባለችም» ቢላት፣ ያቺ ሴት ሐዘኗን ሳትጨርስ ክርክር ውስጥ ትገባለች። የድንኳኑ ችካል ሳይነቀል ጠብ ይነሣል። ይህን የሚያመጣው ክፋት ብቻ አይደለም፤ አንዲት ቃል ናት።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ድምፁ አንድ የሆነ ሁሉ ሥሩ አንድ አይደለም። በግዕዝ መሐረ በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ይቅር አለ ነው፤ ምሕረት ከዚያ ነው። መሀረ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ግን አስተማረ ነው፤ መምህርና ትምህርት ከእርሱ ናቸው። የተጠራጠረ ሰው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ይመልከት። እዚያ ውስጥ መጽሐፍን የሚፈልግ ጸሐፈ ላይ ይሄዳል፤ ቃላቱ በየሥራቸው ተሰድረዋልና።

ስለዚህ አደራችን ይህ ነው። እቤታችሁ ስትገቡ ቅጻችሁን አውጡ፤ ማንበብ የማይችል በልጁ ያስነብብ። ከስሙ ጎን የተጻፈው ተጠሪ ነው፣ ወኪል ነው ወይስ ወራሽ? ያሰባችሁትና የተጻፈው ካልገጠመ ሳትውሉ ሳታድሩ ለጸሐፊው አመልክቱና ይስተካከል። ሰው በሕይወት ሳለ ቃሉን ያርማል፤ ከሞተ በኋላ ግን ስለ እርሱ የሚናገርለት የተጻፈው ብቻ ነው።

በሰላም ያሰንብተን፤ በደስታ ያገናኘን።