ውሃው የት ሄደ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ መኪና ውሃ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የመኪና ሞተር ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እህላችሁን ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያውን ወደ ቀበሌያችሁ፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ አሮጌ መኪና ነው። ዳገት ላይ እንፋሎት እየተፋ ሲቆም ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ወንዝ ፍለጋ ይሮጣል። ውሃው ይሞላል፣ መኪናው ይነሣል፤ ነገም ያው ነው። ታዲያ በየቀኑ የሚጨመረው ውሃ የት ይሄዳል?

ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል በጣም ይግላል። ሙቀቱን የሚያበርድለት ውሃ ነው። ውሃው በሞተሩ ውስጥ አልፎ ሙቀቱን ይቀበልና ከፊት ወዳለው ራዲያተር ይሄዳል። እዚያ በነፋስ ይበርድና ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። መንገዱ ዝግ ስለሆነ ደኅና መኪና በየቀኑ ውሃ አይጠጣም። እንስራ ማንም ሳይቀዳለት ከጎደለ ያፈሳል እንደምንለው፣ መኪናም እንደዚሁ ነው።

ከፍለጋው በፊት ስለ ጥንቃቄ እንናገር። የጋለ ራዲያተር በፍጹም አይከፈትም። ውስጡ ያለው ውሃ ታፍኖ ስለሚቆይ ክዳኑ ሲነሣ ፊትና ዓይን ላይ ይፈነዳል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ ይጠበቅ። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብናፈስ ምን እንደሚሆን እናቶች ያውቁታል። ብረቱም እንደ ምጣዱ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ፍለጋው እንሂድ። በ1940 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው ላንድሮቨርና እሱን የመሰሉ የቆዩ መኪኖች አንድ ጥሩ ነገር አላቸው። ኮፈናቸው ሲከፈት አብዛኛው ዕቃ በዓይን ይታያል።

አንደኛ፣ ማታ ሞተሩ ሲበርድ ውሃው ይሞላ። እርጥብ የሆነው ሁሉ በጨርቅ ይድረቅ። ከመኪናው ሥር ካርቶን ተነጥፎ ይደር። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ከበላዩ ያለው ቦታ ይታይ። ነገር ግን ውሃ በብረት ላይ እየተንሸራተተ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እርጥቡን ይዘን ወደ ላይ እንከተለው። ቀዳዳው ያለው እርጥበቱ ከሚጀምርበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የጎማ ቱቦዎቹን በእጅ እየጨመቅን እንያቸው። የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ ያፈሳል። ጫፉን የሚያስረው ቀለበት ሲላላም ያፈሳል። ይኼ ቀላሉ ነው፤ ማጥበቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ራዲያተሩ ላይ ነጭ ወይም የዝገት መልክ ያለው መስመር እንፈልግ። ጀበና ውስጥ እንደሚቀረው ቅርፊት ነው፤ ውሃው ደርቆ ምልክቱን ትቶ የሄደበት ነው።

አራተኛ፣ የውሃ ፓምፑን ከሥሩ እንመልከት። እዚያ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በሷ በኩል የሚንጠባጠብ ከሆነ የፓምፑ ውስጥ አልቋል ማለት ነው። ቀዳዳዋን መድፈን መፍትሔ አይደለም፤ ፓምፑ መሠራት ወይም መለወጥ አለበት። በሞተሩ ጎን የተተከሉ ክብ የቆርቆሮ ክዳኖችም ዝገት ሊበላቸው ይችላልና ይታዩ።

አምስተኛ፣ የራዲያተሩ ክዳን አይረሳ። ከባሕር ወለል አጠገብ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍ ባለ አገር ግን ቶሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ደኅና ክዳን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ ቶሎ እንዲፈላ አይፈቅድለትም። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ግን ውሃው በደጋው ዳገት ላይ ይፈላና ተንኖ ይወጣል። ያኔ ቀዳዳ ቢፈለግ አይገኝም።

ይህን ሁሉ አይተን ምንም ካላገኘን ሞተሩ ይነሣና እንደገና ይታይ። በዚህ ጊዜ ጋቢና ነጠላ ይውለቅ፤ እጅም ከማራገቢያው ይራቅ።

ውጪው ደረቅ ሆኖ ውሃው አሁንም ከጎደለ፣ የሚያፈሰው ወደ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያው ይውጣ። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጠዋት በብርድ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበላሽቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና አይነዳ፤ ለመካኒክ ይሰጥ። አንድ ጉዞ ልጨምር ብሎ መንዳት ጓርኒሲዮን በመለወጥ የሚድነውን ሞተር ይገድላል።

ዱቄት ወይም እንቁላል ራዲያተር ውስጥ ጨምሮ ቀዳዳ መድፈን አለ ይባላል። ይህ ቀጫጭኖቹን የውሃ መንገዶች ጭምር ይደፍናል። የወንዝ ውሃም ደለሉን ይዞ ይገባል። ችግር ካልሆነ በቀር የተጣራ የዝናብ ውሃ ይሻላል። ለራዲያተር ተብሎ የሚሸጠው ባለ ቀለም ኩላንትማ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙው ጣፋጭ መርዝ ነው። ያፈሰሰው ኩሬ ሠርቶ ከተኛ ውሻም፣ ከብትም፣ ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል። ስለዚህ በዕቃ ይጠራቀም እንጂ ሜዳ ላይ አይደፋ።

በመጨረሻ ስለ አንድ መሣሪያ እንናገር። እሱም ደብተርና እርሳስ ነው። መኪናው የማኅበር ከሆነ በየቀኑ የተጨመረው ውሃ ይጻፍ። «ሰኞ 1 ጣሳ፣ ማክሰኞ 1 ጣሳ፣ ረቡዕ 2 ጣሳ፣ ሐሙስ 3 ጣሳ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ያነበበው ሰው ቀዳዳው እየሰፋ መሆኑን መኪናው መንገድ ላይ ሳይቆም ያውቃል። ሾፌሩ ቢረሳ ደብተሩ አይረሳም። ይህን ለመጻፍ የተማራችኋቸው ፊደሎችና ቁጥሮች ይበቃሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ የላላ ቀለበት ያጠበቀ ሰው ነገ ምጥ የያዛት እናት ዳገት ላይ እንዳትቀር አድርጓል።