ሳያዩ መታዘዝ
(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከመምህር ሥራ አንዱ ማስረጃ መጠየቅ ነው። ሒሳብ የሠራ ተማሪ ከመልሱ ጋር አሠራሩን እንዲያሳይ እናዘዋለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ታዲያ በክርስትና ሕይወት፣ የሚታይ ማስረጃ ሳይቀርብልን የእግዚአብሔርን ቃል አምነን እንድንታዘዝ መጠየቃችን ከዚህ ልማዳችን ጋር አይጋጭምን?

አይጋጭም። ሒሳብን የምናምነው በስሌቱ ነው፤ የተስፋን ቃል ግን የምናምነው በተናጋሪው ታማኝነት ነው። አብርሃም ከአገሩ ሲወጣ የሚደርስበትን ስፍራ አላወቀም፤ የጠራውን ግን ያውቅ ነበር። ንዕማንም ከለምጹ የነጻው በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ከተጠመቀ በኋላ እንጂ ገና በወንዙ ዳር ቆሞ ሳለ አልነበረም። አስቀድመን ካላየን አንታዘዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባሉበት በቀሩ ነበር።

ከእኛው ሙያ አንድ ምሳሌ ላንሣ፤ ዓመቶቹንም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው፣ በ1870 በምጽዋ ነጻነታቸውን ያገኙ ሰው ነበሩ። በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ከተማሩ በኋላ ቃሉን ለወገኖቻቸው ለማድረስ ቆረጡ። በ1881 በሱዳን በኩል ጉዞ ቢጀምሩም ከአሶሳ ማለፍ ስላልተቻለ ተመለሱ።

መንገዱ ቢዘጋም ሥራው አልቆመም። በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጕሙ ጀመር። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጡት አስቴር ጋኖም የቋንቋውን ቃላት በመሰብሰብ ረዱአቸው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ የፊደል መማሪያ መጽሐፍ በ1894፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኢትዮጵያ ፊደል ታተመ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲደክሙ አንባቢው ሕዝብ ከእርሳቸው ርቆ ነበር። ወደ ወለጋ የገቡት በ1904፣ ይኸውም መጽሐፉ ከታተመ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። በዚያም ስብከት በተከለከሉ ጊዜ በነቀምቴ ትምህርት ቤት ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ያረፉት በ1931 ነው።

እንግዲህ እምነት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ሥራቸውን አቁመው ቢጠብቁ ኖሮ፣ በተከፈተ ጊዜ ለወገኖቻቸው የሚያቀርቡት መጽሐፍ ባልኖረ ነበር። እምነታቸው የተገለጠው ቃሉን በቃል እያነጻጸሩ፣ ሐረጉን እያረሙ በፈጸሙት ትጋት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛም ዛሬ የምናስተምረው ሕፃን ነገ ምን እንደሚሆን አናይም። የድሀውን ልጅ ከባለጸጋው ልጅ እኩል ማየት፣ መማለጃን መናቅ፣ ማንም ባልተቈጣጠረን ሰዓት ትምህርቱን አሟልቶ መስጠት የታዘዝነው ቃል ነው። ዋጋው በዓመቱ መጨረሻ ላይታይ ይችላል፤ አንዳንዱ ፍሬ የሚለቀመው እኛ ካለፍን በኋላ ነው። ገበሬ ግን አዝመራውን ካላየሁ አልዘራም አይልም። እኛም ያዘዘንን አምነን እንዝራ።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክ።