ለአውሮፕላኑ የደረሰው ማስጠንቀቂያ ለአፍዴራም ይድረስ
(ለምክር ቤት አባላት ረዳቶችና ለማኅበረሰብ ተሟጋቾች የቀረበ ንግግር)



ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአፋር ክልል የሚገኘው የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ በጽሑፍ የተመዘገበ ታሪክ አልነበረውም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን ሰማይ አልፎ በማግስቱ ሌሊት ዴልሂ ደረሰ። በፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ማዕከል የደመናውን አቅጣጫ እየተከታተለ ለአየር መንገዶች አሳወቀ፤ ኤር ኢንዲያን የመሰሉ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ፣ አውሮፕላኖቻቸውን መረመሩ።

በአፍዴራስ? ነዋሪዎች ለዜና ወኪሎች እንደተናገሩት፣ ነገሩን ያወቁት እንደ ቦምብ በፈነዳ ድንገተኛ ድምፅ ነው። በፍንዳታው የሞተ ሰው ስለ መኖሩ አልተገለጸም፤ ለዚህም ፈጣሪን እናመሰግናለን። መንደሮቹ ግን አመድ ለበሱ፣ የግጦሹም ሣር ተሸፈነ። የእሳተ ገሞራ አመድ ፍሎሪን ሊይዝ ስለሚችል፣ አመድ የነካውን ሣር የሚግጥ ከብት ሊመረዝ ይችላል። ሀብቱ ግመልና ፍየል ለሆነ አርብቶ አደር ይህ ከቤት መቃጠል የማይተናነስ ጉዳት ነው።

የአውሮፕላን ተሳፋሪውን የሚጠብቀው ሥርዓት በተፈጥሮ የተገኘ አይደለም። በ1982 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ሰማይ ላይ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ጃምቦ ጀት አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ ሞተሮቹን እንደገና አስነሥተው አንድም ሰው ሳይሞት አረፉ። ከዚያ በኋላ መንግሥታት ተስማሙ፣ ገንዘብ መደቡ፣ ዓለምን ለዘጠኝ ማዕከላት አከፋፈሉ። እኛ የምንጠይቀው ይኸው ትጋት ከተራራው ሥር ለሚኖረውም እንዲደረግ ነው።

በዚህ ከተማ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «አደገኛ ከሆነ ለምን አይለቁም?» ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይመስለኝም፤ ግን አገሩን ካለማወቅ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ የምትበላው ጨው አብዛኛው ከአፍዴራ ሐይቅ ይወጣል። አፋሮች ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣውን እንፋሎት አቀዝቅዘው ውኃ ማጠራቀምን ከጥንት ያውቁበታል። እሳቱ ለእነርሱ ሥጋት ብቻ ሳይሆን የሚጠጣ ውኃም ነው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ «ልቀቅ» ማለት ፖሊሲ አይደለም። ፖሊሲ የሚሆነው መቼ፣ ወዴትና ለስንት ጊዜ መራቅ እንዳለበት በጊዜው መንገር ነው።

ለዚህ ደግሞ መሬት ላይ የተተከለ መሣሪያ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ሲፈነዳ፣ ቅልጥ አለት ከምድር በታች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዞ ሀይሊ ጉቢ ሥር መድረሱን የሳተላይት ምስሎች አሳይተዋል። ምልክቱ ከአራት ወር በፊት ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን ሳተላይት የሚያልፈው በየተወሰነ ቀን ነው፤ ከፍንዳታው በፊት ባሉት ሰዓታት የሚጨምረውን ንዝረትና ጋዝ የሚይዘው እዚያው ያለ መለኪያ ብቻ ነው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር አጠገብ ናብሮ ሲፈነዳም በተራራው ላይ መለኪያ አልነበረም፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ፍንዳታ ዋሽንግተን የምታስታውሰው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሂላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት የአዲስ አበባ ቆይታቸውን ማሳጠራቸውን ሳይሆን አይቀርም።

መለኪያ የሚያስፈልገው ለሚፈነዳው ብቻ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ምድር ለወራት ተናወጠ፤ የካቲት 7 ቀን የተመዘገበው 6.0 ገደማ ነበር። መንግሥት ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከአማራ ክልሎች እንዲነሡ መወሰኑን ቀደም ሲል በታኅሣሥ መጨረሻ አስታውቆ ነበር። የከሰም ግድብ እዚያው ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድም በመተሐራ ያልፋል። በዶፈን እንፋሎትና ጭቃ ተተፋ እንጂ ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ አልወጣም። እንግዲህ በድንኳን ያለችው እናት «አሁን ልመለስ?» ብላ ስትጠይቅ፣ በመረጃ ላይ ቆሞ የሚመልስላት ማን ነው? ቅልጥ አለቱ ሳይወጣ መቅረቱ ጥያቄዋን አላቀለለውም፤ እንዲያውም አከበደው።

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች በተለይ የምነግራችሁ ይህን ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ የኔቫዶ ዴል ሩይዝ ፍንዳታ ከ23 ሺህ ሰው በላይ ሲያልቅ፣ የአደጋው ካርታ ከፍንዳታው በፊት ተሠርቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በጊዜው አልተነሣም። ከዚያ ሐዘን የተነሣ በ1986 የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋምና ዩ.ኤስ.ኤይድ የእሳተ ገሞራ አደጋ ድጋፍ ፕሮግራምን አቋቋሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ በፊሊፒንስ፣ ፒናቱቦ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ባለሙያዎቹ ከአገሩ ሳይንቲስቶች ጋር ሠርተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እንዲነሣ ረዱ። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ፣ ዩ.ኤስ.ኤይድ፣ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የውጭ ርዳታ ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ የፕሮግራሙ በጀት በሥነ ምድር ጥናት ተቋሙ ሥር፣ ራሱን በቻለ መስመር፣ በበጀት ሕጉ በግልጽ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። ከእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በኋላ ከሚላክ ዱቄትና ድንኳን ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው።

ለአውሮፓ ወዳጆቻችን የምንለው ደግሞ፣ የጥናት ቡድን መሣሪያ ተክሎ ጥናቱ ሲያልቅ ነቅሎ የሚሄድበት ልማድ ይብቃ። መሣሪያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እጅ ይቅር፤ ባትሪ የሚቀይርና አሸዋ የሚጠርግ የአፋር ወጣትም ደመወዝ ይቆረጥለት። ማስጠንቀቂያውም በአማርኛ መግለጫ ብቻ አይቅር፤ በአፋርኛ፣ በሬዲዮ፣ በጎሳ መሪዎች በኩል ይድረስ። አርብቶ አደሩ ዜና የሚቀበልበት «ዳጉ» የተባለ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ከየትኛውም የስልክ መተግበሪያ ይልቅ የሚታመነው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ለራሳችን፣ ለኢትዮጵያውያኑ፣ ይቀራል። የአሜሪካው ፕሮግራም ወደ አንድ አገር የሚሄደው የአገሩ መንግሥት ሲጋብዘው ነው። ስለዚህ ለምክር ቤቱ የምንጽፈው ደብዳቤ ቅጂ ለኢትዮጵያ ኤምባሲም ይድረስ፤ ረቂቁ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኝ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አንብባችሁ ፈርሙበት።