ክለቡ የማን ነው? የከፈለው ወይስ የጮኸው?

(ጉለሌ ውስጥ በአንድ የዕድር አዳራሽ ለተሰበሰቡ የኳስ ወዳጆች የተደረገ ንግግር)

በሩ ላይ ቆማችሁ "እንግባ ወይስ እንመለስ" የምትባባሉ ወጣቶች! ግቡ እንጂ። ወንበር ባይተርፍም ኳስን ቆሞ ማየት ለምዳችኋል።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ "ባለሀብትና ክለብ" የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ርዕሱን ስሰማ ፈራሁ። አገራችን ውስጥ ስለ ባለሀብት የሚያወራው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፊት ለፊት አጎንብሶ ያመሰግናል፤ ሌላው ዞር ብሎ ያማል። ቀና ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለምስጋናም ለሐሜትም አይደለም። ለጥያቄ ነው። ጥያቄዬም አንድ ናት፤ ክለቡ የማን ነው?

ጥያቄዋን እዚሁ ከተቀመጥንበት አዳራሽ እንጀምራት። ይህ አዳራሽ የማን ነው ብትሉ እዚህ ካሉት እናቶች አንዷ ተነስተው በየወሩ ያዋጡትን ብር ቆጥረው ይነግሯችኋል። የዕድሩ ዳኛ ቢያጠፋ ይሻራል። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ካላቀረበ ሰላም አያድርም። ከአባላቱ መካከል ሀብታም አለ፣ የቀን ሠራተኛም አለ። ሀብታሙ ድንኳን ቢገዛ ይመሰገናል እንጂ ዕድሩ የእሱ አይሆንም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አስተምሮን አይደለም። ታዲያ በዕድር ይህን ያህል የነቃን ሰዎች በኳስ ጊዜ ምን ነካን?

እኔ በልጅነቴ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ፣ በግቢው አጥር ሥር አድርጌ ስታዲየም የምወርደው በእግሬ ነበር። የታክሲው ሳንቲም ለመግቢያ ትፈለጋለች። ጥላ ፎቅ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው። የእኛ ቦታ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ ነበር፤ የቀናን ዕለት ደግሞ ከማን አንሼ። ዝናብ ወርዶብን፣ ድምፃችን ተዘግቶ፣ ማታ ቤት ስንገባ "እስካሁን የት ነበርክ?" ተብሎ ዱላ ይጠብቀናል። ለዚህ ሁሉ የከፈለን አልነበረም። እንዲያውም የከፈልነው እኛ ነን።

ይህ ታማኝነት ዕድሜው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ደጃችን ሲደርስ ማለት ነው። በወረራው ዘመን በገዛ ስሙ እንዳይጫወት ተከለከለ። ጠላት ሲወጣ ስሙን ይዞ ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. ግድም የአዲስ አበባ ክለቦች ውድድር ሲጀመር ፎርቲቱዶ የጣሊያኖቹ፣ አራራት የአርመኖቹ፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮቹ ነበር፤ የእንግሊዝ ወታደሮችም የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ጊዮርጊስ የአበሻው ነበር። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማ በዚህ ማልያ ከ20 ዓመት በላይ ተጫውተዋል። ከዚያ ደርግ መጣና ክለቡ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጠራ። መዝገብ ላይ "ቢራ" ተባለ፤ ሚስማር ተራ ላይ ግን ያው ጊዮርጊስ ነበር።

እስቲ ልብ በሉ። ወራሪ ስሙን ቀማ፣ መንግሥት ስሙን ቀየረ፣ ስሙን አስቀምጦ ያቆየው ደጋፊው ነው። የባንክ ደብተር ያልነበረው፣ ማኅተም ያልነበረው ደጋፊ! እንግዲህ ባለቤትነት ማለት ንብረትን በክፉ ቀን ጠብቆ ማቆየት ከሆነ፣ ከዚህ ሰው የበለጠ ባለቤት ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ሀብታሞቹ እንምጣ። በመጀመሪያ ለእውነት መመስከር ያስፈልጋል። ሼክ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ የቅዱስ ጊዮርጊስ የበላይ ጠባቂ ሆነው፣ አቶ አብነት ገብረመስቀል ደግሞ በቦርድ ፕሬዚዳንትነት እየመሩ፣ ክለቡ ሌሎች በሕልማቸው ያላዩትን ገንዘብ አይቷል። ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. በተከታታይ አራት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ በልቷል። በ2009 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኗል። በዚያው ዓመት ጥር ወር ወልድያ ላይ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በሼኩ ገንዘብ ተሠርቶ ተመርቋል። ይህንን የሚክድ ሰው ዓይኑን ይታጠብ። የበላውን የሚረሳ ደግሞ ጉለሌ ላይ አላደገም።

ነገር ግን ጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ምን ሆነ? የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት በፀረ ሙስና ዘመቻ ስም መሳፍንቱንና ቱጃሮቹን ሰብስቦ ሪያድ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሲዘጋባቸው ሼኩም አብረው ተያዙ። የተለቀቁት ጥር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከ14 ወራት በላይ። ያን ሰሞን ሽሮ ሜዳ ላይ ሻይ ስንጠጣ የምንጠይቀው ስለ አጥቂና ተከላካይ አልነበረም። "ሼኩ ይፈቱ ይሆን?" ነበር። የሪያድ ሆቴል በር ሲከፈትና ሲዘጋ የእኛም ልብ አብሮ ይከፈትና ይዘጋ ጀመር። የ2010ን ዋንጫ ጅማ አባ ጅፋር ወሰደው፣ የ2011ን መቀሌ 70 እንደርታ። ምክንያቱ የሼኩ መታሰር ብቻ ነው አልልም፤ ኳስ ነው፣ ይሸነፋል፣ ይሸነፍለታል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ከስምንት አሥርት ዓመታት በላይ የኖረ ክለብ ደጋፊ፣ የክለቡን ዕጣ ከአንድ ሰው መታሰርና መፈታት ጋር አስሮ ሲጨነቅ ማየት ነው። በአንድ ምሰሶ የቆመ ጎጆ ምሰሶው የቱንም ያህል ቢወፍር ጎጆው አንድ ምሰሶ ነው ያለው።

"ጋሼ፣ ባለሀብት ካልሆነ መሥሪያ ቤት ይያዘው" የሚል ይኖራል። እሺ፣ መሥሪያ ቤቶቹን እንያቸው። ዳሽን ቢራ ጎንደር ላይ ክለብ ነበረው። በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ክለቡም ፈረሰ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ወረደ፤ እሱም ፈረሰ። አገሪቱ ውስጥ በገንዘብ ከባንክ የሚበልጥ ማን አለ? ከዓመታት በኋላ ባንኩ ቡድኑን እንደገና አቋቋመና በ2016 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ደስ ይላል፣ እሰየው! ግን ሲፈርስ ደጋፊውን ማን ጠየቀው? ሲቋቋምስ ማን አማከረው? አንድ የስብሰባ ክፍል ውስጥ እጅ ተነስቶ ሞተ፤ በሌላ ስብሰባ እጅ ተነስቶ ነፍስ ዘራ። የደጋፊው እጅ ግን ሁለቱም ስብሰባ ላይ አልነበረም።

በጎንደር በኩል ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። የቢራው ክለብ ሲፈርስ የጎንደር ሰው ኳስ አላቆመም። የከተማው ስም ያለበት ፋሲል ከነማ ነበረና በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ፋሲል ግንብ ሥር ይዞት ገባ። የፋብሪካው ማልያ ወለቀ፣ የከተማው ማልያ ቀረ።

ወጣቶቹ "ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ነው፤ ፈረንጅ ቤት እንዲህ የለም" እንዳትሉኝ። በዲኤስቲቪ ቤት ገንዘብ ከፍላችሁ የምታዩትን ቼልሲን ውሰዱ። ሮማን አብራሞቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ገዛው። ዋንጫ እንደ ጉድ ጎረፈ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግሥት የእንግሊዝ መንግሥት የሰውየውን ንብረት አገደ። ያን ጊዜ ቼልሲ አዲስ ትኬት እንኳን መሸጥ ተከለከለ፤ ለተጫዋች ውል ማደስም አልቻለም። በዚያው ሰሞን ለዩክሬን ሕዝብ ማጽናኛ ሲጨበጨብ ከቼልሲ ደጋፊዎች መካከል የአብራሞቪችን ስም እየጠሩ የዘመሩ ነበሩ። አያችሁ? ታማኝነቱ ሳያውቁት ከክለቡ ወደ ሰውየው ዞሮ ነበር። የዳግስታኑ አንዢ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ቢሊየነር ገዝቶት ሳሙኤል ኤቶን ሳይቀር አመጣለት። በ2013 ሰውየው በጀቱን ቆረጠው፤ በ2022 ክለቡ ራሱ ከሰመ።

በሌላ በኩል ጀርመኖችን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባለሀብት ወደ ክለብ ገንዘብ ማስገባት ይችላል። ነገር ግን ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር ከድምፁ ግማሽ በላይ የሚሆነው በአባላት እጅ መቆየት አለበት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 የአውሮፓ ቱጃሮች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ማኅበር እናቁም ብለው ሲነሱ ከመሥራቾቹ 12 ክለቦች መካከል ጀርመን አልነበረም። የእንግሊዝ ደጋፊዎችም መንገድ ላይ ወጥተው ስድስቱን ክለቦቻቸውን በሁለት ቀን ውስጥ አስወጧቸው። ሀብታም አልተባረረም፤ ግን ልኩ ተነገረው።

እኛስ? እኛ ለበርካታ ዓመታት ቡድናችንን በገዛ ከተማችን ማየት እንኳን አልቻልንም። ስታዲየማችን ደረጃውን አልጠበቀም ተባለና ሊጉ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ሲንከራተት የጉለሌ ልጅ ክለቡን በቴሌቪዥን መስኮት ተከተለው። እንዳንጮህ ሜዳ የለም፣ እንዳንጠይቅ ስብሰባ የለም። ማልያ ግዙ ስንባል ግን ስልካችን ይገኛል!

እስቲ ራሳችንንም እንውቀስ። ደጋፊ ነን እያልን የተቃራኒውን ደጋፊ እናት የምንሳደብ፣ ድንጋይ የምንወረውር፣ ክለባችን በተቀጣ ቁጥር የምንፎክር ነበርን። ፈረሰኞቹና ቡናማዎቹ ስንባል እርስ በርስ ተናከስን እንጂ "ሒሳቡ ይነበብልን" ብለን አንድ ላይ ተነስተን እናውቃለን? ሀብታሙ ሲመጣ "አባታችን" አልነው። አባት ደግሞ ሒሳብ አይጠየቅም። ልጅ ያደረግነው ራሳችንን ነው።

ይህ ልማድ የኳስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከላይ አንድ ሰው ይምጣልን፣ እሱ ያብላን፣ እሱ ያስበልን ማለት የቆየ በሽታችን ነው። ሰውየው ደግ ከሆነ እንጠግባለን፤ ከከፋ እናለቅሳለን፤ ከሄደ እንበተናለን። ሜዳ ላይ ያልተማርነውን መጠየቅ ቀበሌ ላይ ከየት እናመጣዋለን?

"ታዲያ በእኛ ሃምሳና መቶ ብር አጥቂ ይገዛል ወይ?" ትሉኛላችሁ። አይገዛም። የሚገዛው ሌላ ነገር ነው፤ የመጠየቅ መብት ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህ ነው። ደግሞ እኛ የሸማኔ ሰፈር ሰዎች ነን። ማጉ የቱንም ያህል የሚያብረቀርቅ ወርቀ ዘቦ ቢሆን ድሩ ካልተወጠረ ጨርቅ አይሆንም። ባለሀብቱ ጥለቱ ይሁን፤ ያምርበታል። ድሩ ግን እኛ ነን።

ስለዚህ የማቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የየትኛውም ክለብ ደጋፊ ብንሆን በማልያ ብቻ ሳይሆን በአባልነት መዝገብ እንመዝገብ፤ መዋጮዋ ብታንስም በየወሩ ትከፈል። ሁለተኛ፣ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ እንጠይቅ፤ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ እንደ ዕድራችን ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ማን ስንት ሰጠ? ተጫዋች በስንት ተገዛ? ዕዳ አለ ወይስ የለም? ሦስተኛ፣ የክለቡ ስም፣ ቀለምና ህልውና የአባላት ድምፅ ሳይሰጥበት እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ እንዳይፈርስ በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። ባለሀብቱ እውነት ክለቡን የሚወድ ከሆነ ይህን በደስታ ይፈርማል። አልፈርምም ካለ ግን የወደደው ምን እንደሆነ ያን ዕለት እናውቃለን።

ልጨርስ። ከዚህ ስትወጡ የዕድሩ ጸሐፊ በር ላይ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። የጊዮርጊስ ገጽ አለው፣ የቡና ገጽ አለው፣ የሌላም አለው። ስማችሁን ስትጽፉ ማንም ሙሉ በሙሉ አባል አያደርጋችሁም፤ ጉዳዩ ገና ብዙ ደጅ ያስጠናናል። ግን ነገ አንድ ሰው "ክለቡ የማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ቢያንስ ጉለሌ ላይ በስም የተጻፈ መልስ ይኖረናል።