ከተማውን ሳይሆን ዲፓርትመንቱን ጠይቁ
(ቡታጅራ ላይ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

 

እኔ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ እስካሁን ሥራ ፈላጊ ነኝ። ስለዚህ «ኢንጂነር ሁኑ፣ ሕይወታችሁ ይለወጣል» ብዬ ልሸውዳችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞሉ ሰው ሁሉ ዘሎ የሚያልፈውን ነገር ልነግራችሁ ነው።

አሁን የምትመርጡት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሲቪል ነው፣ ኤሌክትሪካል ነው የሚለው ግን እዚያ አይወሰንም። መጀመሪያ ፍሬሽማን ትማራላችሁ፤ ከዚያ በውጤታችሁ ተወዳድራችሁ ነው ዲፓርትመንት የምትገቡት። ስሙ የገነነ ግቢ ገብቶ ያላሰበው ዲፓርትመንት የሚደርሰው ልጅ ብዙ ነው። ፉክክሩ ቀለል ባለበት ግቢ ደግሞ ያው ልጅ የፈለገውን ሊያገኝ ይችላል።

እዚህ ሰፈር ምርጫ የሚሞላው በመርካቶ አጎት ነው አይደል? «አጎትህ አለ፣ አዲስ አበባ ሙላ» ይባላል። አጎት ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ግን ዶርምና ምግብ ግቢው ይሰጣችኋል። አጎት በጣም የሚያስፈልገው ለኢንተርንሺፕ ስትወጡ ነው፤ ያኔ የትም ብትማሩ አዲስ አበባ መጥታችሁ ቤቱ ማረፍ ትችላላችሁ። ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የአዳማውና የአዲስ አበባው፣ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። በምርጫ መጻፍ ብቻ አያስገባም።

«የራሳችን ወልቂጤ እያለ ለምን ሌላ ቦታ?» የሚል ጥያቄም በየጊዜው ይመጣል። ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ በመከፈቱ እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን ወልቂጤን የጉራጌ ስለሆነ ብቻ የሚሞላና ቅርብ ስለሆነ ብቻ የሚንቅ ልጅ ለኔ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ላቡን አልጠየቁም። እናት «ቅርብ ሁንልኝ» ስትል ግን አትሳቁባት። በ2012 ግቢዎች ሲታመሱ ስንቱ ልጅ ሻንጣውን ይዞ እንደተመለሰ ታስታውሳለች። ስጋቷን አክብራችሁ ወልቂጤንም፣ ሆሳዕና ያለውን ዋቸሞንም ከምርጫችሁ አስገቡ።

ርቀት ግን ሁሌ ጠላት አይደለም። የቡታጅራ ገበሬ ዛሬ ስለ ፓምፕና ስለ መስኖ ነው የሚያወራው። ውሃ የሚወድ ልጅ ካለ አርባ ምንጭን አስቀድሙ፤ ግቢው በ1979 ሲከፈት ራሱ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። ጨርቃ ጨርቅ የሚወድ ባሕር ዳርን ይይ። እዚህ ስማቸውን የሚያነሳ ሰው ስለሌለ ብቻ አትዝለሏቸው።

እኔ በተማርኩበት ግቢ፣ ስሙን ልተወው፣ የአፈር መመርመሪያ ማሽን ነበር፤ የሚያሠራው ሰው አልነበረም። ሪፖርት እንድንጽፍ ያለፈው ባች ቁጥር ተሰጠን። ከዓመታት በኋላ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ቴስት በእጅህ ሠርተኸዋል?» አሉኝ። ምን ልበል? አልነካሁትም።

እና ምን ትጠይቃላችሁ? ዌብሳይታቸውን ተዉት፣ ፎቶው ሁሌ ያምራል። እዚያ የሚማር አራተኛ ወይም አምስተኛ ዓመት ልጅ ፈልጋችሁ ደውሉ። ላብ ውስጥ ራሳችሁ ትሠራላችሁ ወይስ ታያላችሁ? ኢንተርንሺፕ ግቢው ያገናኛችኋል ወይስ ደብዳቤ ይዛችሁ ትዞራላችሁ? ባለፈው ዓመት ከዲፓርትመንታችሁ ስንት ሰው መውጫ ፈተና ወስዶ ስንቱ አለፈ? የመጨረሻዋን በደንብ ያዟት። ከ2015 ጀምሮ መውጫ ፈተናውን ያላለፈ፣ አምስት ዓመት ቢማርም ዲግሪው አይሰጠውም፤ ማለፊያው 50 ነው።

እህቶቼ፣ እናንተ አንድ ጨምሩ፦ ማታ ከላይብረሪ ወደ ዶርም ያለው መንገድ መብራት አለው ወይ?

ከአዳማ፣ ከጅማና ከወልቂጤ የመጡ ልጆች ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ልውረድና እነሱን ጠይቋቸው።