ስለ ፎቶግራፍ ቅንጣትና ነቁጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ለበዓሉ መጽሔት ፎቶግራፍ እንድንሰበስብ በታዘዝን ጊዜ ሁለት ፎቶግራፎች ብዙ አከራከሩን። ሁለቱም ትምህርት ቤታችንን ለረጅም ዘመን በዘበኝነት ያገለገሉትን አባት የሚያሳዩ ናቸው። አንደኛው በ1978 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ፊልም የተነሣ ሲሆን፤ ሁለተኛው ዘንድሮ መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ ብርሃን በስልክ ያነሣነው ነው። አስፍተን ስናያቸው ሁለቱም ጤፍ የተበተነባቸው መሰሉ።

መምሰሉንስ ይመሳሰላሉ፤ ምንጫቸው ግን ለየቅል ነው። በፊልም ላይ የብር ጨው በጥቃቅን ቅንጣት ሆኖ በጄላቲን ውስጥ ይገኛል። ብርሃን የነካው ቅንጣት በመድኀኒት ሲታጠብ ጥቁር ብር ይሆናል። ስለዚህ ቅንጣቱ ራሱ ፎቶግራፉ ነው፤ እርሱን ብናነሣ የሚቀር ነገር የለም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤድሮስ ቦያጂያን፤ ኋላም ልጆቻቸው፤ በቤተ መንግሥት ያነሡአቸው ፎቶግራፎች የተሠሩት በዚሁ በብር ነው። ለደብዛዛ ብርሃን የሚሆን ፊልም ቅንጣቱ ተለቅ ስለሚል ሻከር ብሎ ይታያል።

የዲጂታሉ ሌላ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች «ኖይዝ» ይሉታል። ሴንሰር የሚባለው ክፍል በተርታ የተደረደሩ ጥቃቅን የብርሃን መቀበያዎች አሉት። ብርሃንም እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፤ ጎን ለጎን ባስቀመጥናቸው ጣሳዎች እኩል አይገባም። በአማካይ 10,000 ጠብታ ቢገባ ልዩነቱ 100 ያህል ነው፤ ይኸውም ከመቶ አንድ። 100 ብቻ ቢገባ ግን ልዩነቱ 10 ይሆናል፤ ይኸውም ከመቶ ዐሥር። የመሣሪያው የራሱ የኤሌክትሪክ መዛባት ሲጨመርበት ጨለማው ቦታ በቀይና በአረንጓዴ ነቁጥ ይሞላል። አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ቊጥር ከፍ ማድረግም የገባውን ብርሃን ከነመዛባቱ ያጐላዋል እንጂ ያልገባውን አያመጣም።

እኛ ግን ደፍረን ነቁጡን በስልክ ፕሮግራም አጠፋነው። ፕሮግራሙ ነቁጡ የቱ፤ የግንባር መስመሩ የቱ እንደ ሆነ በትክክል መለየት አልቻለምና የፊታቸውን ሽብሽብና የጋቢያቸውን ፈትል አብሮ ጠረገው። በሐዋሳ መሃል ከተማ ካለው ቤታቸው ሄደን ብናሳያቸው፤ ጥቂት ተመልክተው «ይህማ ልጄ ነው፤ እኔን የት አደረሳችሁኝ?» አሉን። ሣቅን፤ አፈርንም።

በመጽሔቱ የምታዩአቸው ሁለቱ ፎቶግራፎች እንግዲህ አንዱ ከነቅንጣቱ፤ ሁለተኛውም ከነነቁጡ የታተሙ ናቸው። የጋቢው ፈትል በግራ ትከሻቸው በኩል ይታያል።